ያልተሰበረ ድምፅ

እድላዊት የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ስትገባ እንባዋ ቅርብ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጎርፍ የተጻፈ የልምምድ ዜና እያነበበች ድምጿ ቢሰበር፣ መምህሯ አስቆሟት፦ «ለቅሶው የቤተሰብ ነው፤ ያንቺ ሥራ መንገር ነው» አሏት። አራት ዓመት ይህንኑ ተማረች። ምን ዋጋ አለው፣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች! ተመርቃ በሕዝብ ቴሌቪዥን የቀን ዜና አንባቢ ስትሆን ባልደረቦቿ «ብረቷ» ይሏት ጀመር።

ላሊበላ ያሉት አክስቷ አመተ ጊዮርጊስ ግን ዜናውን የሚከፍቱት እሷን ለማየት ነው። እናቷ ስትሞት ከአንድ ልጃቸው ከተክለ ሚካኤል ጋር ከአንድ ገበታ እያበሉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ጥር ወደ ላሊበላ የሚሄድ አውቶቡስ ጋሸና አጠገብ ተገለበጠ። የሟቾቹ ስም ዝርዝር እድላዊት እጅ የገባው ዜናው ከተጀመረ በኋላ ነው። ፖሊስም ሆስፒታሉም አረጋግጠዋል። አምስተኛው ተክለ ሚካኤል ነበር።

ብትዘለው ማንም አይከሳትም ነበር። እሷ ግን ድምጿ ሳይሰበር ስሙን ከነአባቱ አነበበችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በላስታ መርዶ በንጋት፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ እንደሚነገር፣ ማንም ብቻውን እንዳይሰማ እንደሚደረግ የጠፋት ልጅ አልነበረችም። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ሞቱን ሰምተው፣ አክስቷን ሊያረዱ ለማግስቱ ንጋት ተቀጣጥረው ነበር።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። አክስቷ ፊታቸውን ነጭተው ደም አቅርሯል። ይረግሙኛል ብላ ፈርታ ነበር። እርግማን በስንት ጣዕሙ!

«ሰማሁሽ እኮ ልጄ» አሉ። «ብቻዬን ነበርሁ። ስሙን ስትጠሪው ክው አልሁ። ኋላ ግን ድምፅሽን አዳመጥሁት፤ ምንም አላለም። የእኛ ቢሆን እድልዬን መች ያስችላት ነበር፣ ከነአባቱ ሞክሼው ነው አልሁ። ለሟቹ እናት አዘንሁላት። ከዚያ ለልጄ ራቱን ሠርቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ስጠብቀው አደርሁ። ሲነጋ ሲንኳኳ እሱ መስሎኝ ሮጥሁ።»

እድላዊት እግራቸው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። አክስቷ ፀጉሯን ዳበሱላት።

«ምነው ይኼን ትናንት ባለቀስሽው» አሉ።