አንድ ሲዲ ለአቃቂ ሁሉ

አቃቂ ውስጥ ኮምፒውተር ተበላሸ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው ሰይፈሥላሴ ነበር። ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ካፌዎች ዊንዶውስ የሚያስጭኑት እሱን ነው። የሚጭነውም ከአንዲት ሲዲ ነው፤ ጠርዟ ተፋፍቆ እንኳ ከጃኬቱ ኪስ አትወጣም። የይለፍ ቃሉ ሁሉም ጋ አንድ፣ ጸረ-ቫይረሱም አንድ፣ ያውም ከተጫነ ወዲህ ታድሶ የማያውቅ። ማሽኑ አስቸገረ ካሉት ሌላ መድኃኒት የለውም፤ "ፎርማት ነው" ይልና ያችኑ ሲዲ ይከታል።

ሰነፍ ነበር ማለት ግን ግፍ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይጠግነዋል፤ ደንበኞቹም አንዱ ጋ የለመዱትን ሌላው ጋ ያገኙታል። ያስቸገረው ሳሪስ ካፌ ያለው ዘካሪያ ብቻ ነበር። ዘካሪያ አንዱን ማሽን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም አስጭኖበት፣ "ይቺን ቫይረስ አይደፍራትም" እያለ ይኩራራል። ሰይፈሥላሴ ደግሞ የማያውቀውን ነገር አይወድም።

ጎረቤቱ እማማ መሰለች ልጃቸውን አቢን በመኪና አደጋ ያጡት በዚያው ሰሞን ነው። አቢ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጓደኛውን ሲድር ሚዜ ሆኖ ማይክ ይዞ በቪዲዮ ተቀርጿል። "የእርስዎን ስም ሲጠራ ሰምተናል፤ የቀረውን ግን ጭፈራው ዋጠው" አሏቸው ሰርገኞቹ። ሙሽሮቹ ያላቸውን አንድ ካሴት ለእናት ሰጡ። እናት ግን ለማየት አልደፈሩም።

"ሰይፌ፣ እንዳይጠፋብኝ አስቀምጥልኝ" አሉት ካሴቱን ሰጥተው። "ለሙት ዓመቱ ልቤን አጽንቼ አየዋለሁ።"

ሰይፈሥላሴ አደራውን አላቀለለውም። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር እንደተገለበጠ ማጫወቻው ውስጥ ተበጣጥሶ ስለቀረ፣ ይብስ ፈራ። ቪዲዮውን አንድ ራሱ ሱቅ፣ አንድ ቃሊቲ ካለ ፎቶ ቤት፣ አንድ ዘካሪያ ጋ አስቀመጠ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ ብሎ ነው። ዘካሪያ ጋ ለቪዲዮው የሚበቃ ቦታ የነበረው ያ ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ነበር፤ ሰይፈሥላሴ ኪሱን ዳበሰና ሲዲዋን አወጣ።

"ተው እንጂ ሰይፌ፣ ይቺን እንኳ ለብቻዋ ተዋት" አለው ዘካሪያ።

"ለብቻዋ ሆና ስትበላሽ ማን ሊጠግናት ነው?" አለና ፎርማት አድርጎ ዊንዶውሱን ጫነባት።

ቫይረሱ በማን ፍላሽ እንደመጣ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከሱቅ ሱቅ ዘፈን ይዞ የማይዞር ፍላሽ አልነበረምና ማንም ሊሆን ይችላል። አንዱን ቤት የከፈተበት ቁልፍ ሁሉንም ከፈተለት። ዝም ብሎ ሲባዛ ከርሞ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያገኘውን ፎቶ፣ ቪዲዮና ጽሑፍ ደመሰሰ። ሰይፈሥላሴ የራሱ ሱቅ ባዶ መሆኑን ሲያይ መጀመሪያ አልደነገጠም፤ ቃሊቲ ደወለ። ቃሊቲም የተመራቂዎቹ ፎቶ ሁሉ ጠፍቶበት ባለቤቱ ይጮሃል። በሚኒባስ ሳሪስ ደረሰ። ዘካሪያ ባዶውን ስክሪን ወደ እሱ አዞረለት። ቫይረስ የማይደፍራትን ያችን ማሽን በገዛ እጁ እንዳጠፋት ሰይፈሥላሴ ያኔ ገባው። የጠፋ ፋይል ይመልሳሉ የተባሉ ፕሮግራሞችን ሁሉ ሞከረ፤ የተመለሰ ነገር የለም።

የሙት ዓመቱ ቀን እማማ መሰለች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሱቁ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰይፈሥላሴ መዋሸት አቃተው፤ ሦስቱም ጋ እንደጠፋ ነገራቸው። ጥቁሩን ስክሪን አዩት።

"አንተ ግን ስትገለብጠው አይተኸዋል አይደል?" አሉ።

"አይቻለሁ እማማ።"

"እንግዲያው አንተው ንገረኝ። ልጄ ምን ነበር ያለኝ?"

የአቢ አፍ ሲንቀሳቀስ፣ ሲስቅ፣ ደረቱ ላይ የተሰካው አበባ ሳይቀር ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ካሴቱን በገለበጠ ቀን ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር፤ የሰርጉ ጫጫታ ሥራ ከልክሎት ነበር።

"ድምፁን ዘግቼው ነበር፣ እማማ" አላቸው።