የሠረዝኳቸው ሦስት መስመሮች

አስተማሪ ነበርኩ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አሥመራ ውስጥ በአንድ የነርሶች ትምህርት ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነበር። የእንግሊዝኛ ድርሰት የምታስተምረው የውጭ አገር ሴት ባሏ ሲዛወር አብራው ሄደችና፣ «ምትኳ እስኪገኝ አንቺ ያዢያቸው» ተባልኩ። ምትኳ እስኪገኝ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደዚያ ጊዜ ያፈርኩበትም የለም፤ በብዕሬ አንዲት ልጅ ላስባርር ምንም አልቀረኝም ነበርና።

ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት ክፍል ገብቼ ድርሰት ማስጻፍ። ተቀምጬ ማስተማር አልችልም፤ በወንበሮቹ መካከል ስመላለስ ልጆቹ አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሉኛል። አንድ ቀን «ነርስ ለመሆን ለምን መረጥኩ» የሚል ርዕስ ሰጠኋቸው። ሁሉም፣ አንዲት ሳትቀር፣ «የታመመ ለመርዳት» ብለው ጻፉ።

«ውሸታሞች!» አልኳቸው። «ከእርሻ ሥራ ለማምለጥ የመጣች የለችም? ነጩ ቆብ አምሯት የመጣች የለችም?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዷ፣ «እወ ሚስ፣ እኔ ለቆቡ ነው» አለች። ከፍተኛውን ማርክ ለእሷ ሰጠሁ። እውነትም ቆቡ ያምር ነበር፤ በሩዝ ውሃ እየነከሩ፣ በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈው እያደረቁ፣ እንደ ካርቶን ያቆሙታል። ቅዳሜ ጠዋት የመኝታ ቤታቸው መስኮት ሁሉ ቆብ ለብሶ ይውል ነበር።

ሁለተኛው ሥራዬ ሪፖርት ማረም ነው። ልጆቹ በየጠዋቱ ሆስፒታል ገብተው፣ ስለያዟቸው በሽተኞች በእንግሊዝኛ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ደብተሩ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ አርማለሁ፤ ልጅቷ የታረመውን ዋናው መዝገብ ላይ ትገለብጣለች፤ ሐኪሙ በአራት ሰዓት ሲዞር ያንን ያነባል። እኔ በሽተኛ አላይም። የማየው ወረቀት ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በእኛ አገር ሰው ታሞም ቢሆን «እንዴት ነህ?» ሲሉት ማማረር አይወድም። ክርስቲያኑ «ይመስገን»፣ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ልጆቹም የሰሙትን ይጽፋሉ። እግሩ ሁለት ቦታ ስለተሰበረ ሰውዬ፣ «በሽተኛው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ደብተር መጥቶልኝ ያውቃል። እኔ ምስጋናውን እሠርዝና «ደህና ነው» የሚለውን እተወዋለሁ። አጭር፣ ንጹሕ እንግሊዝኛ! ኩራቴ እሱ ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ጽሑፏ የሚረዝመው የአንዲት ረጅም ልጅ ነበር። ከገጠር የመጣች ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ሓዝሓዝ በሚባል ሰፈር አክስቷ ዘንድ ታድራለች። እኔ ቤታችን ገጀረት ስለሆነ አውቶቡሳችን ቢለያይም ፌርማታችን አንድ ነው፤ እዚያ ቆመን እናወራለን። በዕድሜ ብዙም አንራራቅም፤ ክፍል ውስጥ «እርስዎ»፣ ፌርማታው ላይ «አንቺ» ነበርኩ። ከዕረፍት ዘግይታ በመመለሷ ከነርሶቹ አለቃ ከሜትሮን ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ሦስተኛ ጥፋት ከተገኘባት እንደምትባረር እኔም እሷም እናውቃለን።

አንድ ጠዋት ከሁለት ቀን በፊት በኦፕራሲዮን ሆዱን ስለተቀደደ በሽተኛ ጻፈች። ሰውዬው ከወሎ የመጣ፣ በጉሊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል» ይላል። ከዚያ ሦስት መስመር ተከተለ፦ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ተኝቷል፤ ሻሂው ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ አንሶላውን ሳስተካክል እጄን ያዘኝ፣ ግንባሩም ላይ ላብ አለ።

«ልብ ወለድ ነው እንዴ የምትጽፊው?» አልኳት። «ሐኪሙ የሚፈልገው እንዴት እንደዋለ ነው። ደህና ነኝ ብሏል፤ በቃ።»

ሦስቱን መስመር ሠረዝኩ። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ መዝገቡ ላይም «በሽተኛው ደህና ነው» ብላ ገለበጠች። ሐኪሙ ያንን አንብቦ አልፎ ሄደ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰውዬው በትኩሳት ነደደ፤ ሆዱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ እየሮጡ መልሰው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት።

እኔ የሰማሁት ከዚያች «ለቆቡ ነው» ካለችው ልጅ ነው። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «ሚስ፣ ያቺ ረጅሟ ልብሷን እየሰበሰበች ነው። ሜትሮን ‹መዝገቡ ላይ ይሄን የጻፈው ማነው?› ብለው ቢጠይቁ ‹እኔ› አለች። ነገ ጠዋት ትሄዳለች።»

ወዲያው ተነሣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልተነሣሁም። ወጥቼ ወደ ፎርቶ ዳገት ሄድኩ። የጻፈችው እሷ ናት እኮ፣ አልኩ ለራሴ። ለሐኪሙ በአፏ መንገር አትችልም ነበር? እኔ ነርስ ነኝ እንዴ? አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን አንዱንም ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ መናገር እንደማልችል ገባኝ፤ ያኔ ተመለስኩ።

መኝታ ቤት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ደብተርሽን ስጪኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ስጪኝ ነው የምልሽ!»

«ኣይፋልን፣ አልሰጥም። አስተማሪዬን ከስሼ ልዳን?»

«የምትከሺው አንቺ አይደለሽም» አልኩና ከሽርጧ ኪስ መንጭቄ ወደ ሜትሮን ቢሮ ይዤው ሄድኩ።

ሜትሮን የዚያው የአሥመራ ሴት ናቸው፤ ሽቅብ ሲያዩ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ይቀራል። የተሠረዙትን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ይሄን ያየች ልጅ ነርስ ናት» አሉ። «የሠረዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። «ረዘመብኝ» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ዘጉ። ሰውዬው በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ እኔ ረዘመብኝ እላለሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሻንጣዋን ትፍታ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ደግሞ ከነገ ጀምሮ አልጋውን ሳታዪ ደብተር አታርሚም። ሂጂ።»

በነጋታው ቁርጭምጭሚቴን የሚመታ ነጭ ጋውን ለብሼ ደብተሮቹን ታቅፌ ዞርኩ። ነጋዴው ተርፏል፤ ገርጥቶ ተኝቷል። «እንዴት አደሩ?» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» አለኝ፤ ድምፁ ግን በቅጡ አይሰማም።

ረጅሟ ልጅ እኔን ሳታይ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «አቦይ፣ ትናንት ማታ ስንቴ ነቁ?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ መች ተኛሁና ነው የምነቃው?»

ተማርኩ። መልሱ ምስጋና ብቻ የሆነ ጥያቄ እንደማይጠየቅ የተማርኩት እዚያ አልጋ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲያ የድርሰት ክፍሌ ተለወጠ። «አንድ አልጋ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ምንም ሳትጠይቁ ያያችሁትን ጻፉ» እላቸዋለሁ። ስለ አንዲት አሮጊት ጥፍር፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ፀጉሩን ስለሚያበጥር ወታደር የመጡልኝ ድርሰቶች ዛሬም ትዝ ይሉኛል። አሁን ባለ ዲግሪ አስተማሪ ተገኝቶላቸዋል፤ እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እመታለሁ። የማንም ሰው ጥፍር የማይገባበት ደብዳቤ ነው። ቀኑ አይመሽልኝም።

ልጅቷ ግን ወዲያው አልታረቀችኝም። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፌርማታው ላይም «እርስዎ» ነበርኩ። «ደህና ነዎት ሚስ፣ አውቶቡስዎ መጣ» ትለኛለች፤ በቃ። ይህ ከሜትሮን ጥያቄ የባሰ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጉም ወርዶ ማኪናዎቹ በቀን መብራት አብርተው ያልፉ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስደርስ ሸርተት ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ያን ቀን ልነግርሽ ነበር እኮ» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ያንን አልጻፍኩትም፤ በአፌ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የምትሄጂው።»

የገጀረቱ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ። አልተነሣሁም። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋና ሄደ።

«እስቲ አሁን ንገሪኝ» አልኳት።