ከኳስ ቤት የተባረርኩበት የዋንጫ ቀን

ገደ ቢስ ማለት እኔ? ቆይ፣ ቆይ፣ አትጩሁብኝ! እሺ፣ እኔ ባየሁ ቁጥር ተሸንፈናል። ግን እናንተስ አብራችሁኝ አላያችሁም እንዴ? ተከላካዩ በገዛ ጎሉ ሲያገባ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ? በመላው ቀበና እኮ እንደኔ ደጋፊ የለም። ማልያዬን ውድድሩ እስኪያልቅ አላጥባትም፤ እናቴ ራሷ ቤት አታስገባትም፣ ውጭ ነው የምታድረው።

የዋንጫው ቀን ኳስ ማሳያ ቤቱ በር ላይ ባለቤቱ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ። እሳቸውም የኛው ቡድን ደጋፊ ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ እንኳን ማረን።»

«ጋሼ፣ እርስዎም?»

«እኔ ምን አልኩ? ልጆቹ ናቸው።»

ጓደኛዬ ከውስጥ ይጮሃል፦ «አባቴ፣ ቡድኑን ከወደድከው እንጦጦ ውጣልን!»

ወጣሁ። ለነሱ ብዬ መሰላችሁ? ለቡድኑ ነው! ከናንተ ውስጥ ለቡድኑ ብሎ የዋንጫ ጨዋታ ያላየ ማን አለ?

ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ስል ነው ጭንቀቱ የጀመረኝ። አስቡት። ከተሸነፍን ዋንጫው ሄደ። ካሸነፍን ደግሞ እኔ አለቀልኝ፤ «እሱ ሳይኖር አሸነፍን» ይባልና ሁለተኛ ያንን በር አልረግጥም። ሰው ለየትኛው ይጸልያል? ለቡድኑ ጸለይኩ። በግማሽ ልብ ነው፣ ግን ጸለይኩ።

ድንገት ከታች ሰፈሩ በሙሉ ጮኸ። ጎል! ግን የማን? ለጓደኛዬ ስደውል «ዝጋ! ድምፅህም ገድ የለውም!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የሬዲዮ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ዳገት የሚሮጥ ሰውዬ አገኘሁና አስቆምኩት።

«ወንድሜ፣ በናትህ፣ ማን አገባ?»

«ማንም። መብራት ጠፍቶባቸው መጥቶ ይሆናላ የጮኹት። ዜሮ ለዜሮ ነው፣ ወደ ፔናሊቲ እየሄዱ ነው።»

ፔናሊቲ ሲለኝ እግሬ እኔን አላስፈቀደም። ቁልቁል ስበር ታክሲ ቀድሜያለሁ። እሺ፣ ታክሲው ቆሞ ነበር።

ስደርስ በሩን በአግዳሚ ወንበር ዘግተውታል፣ ለኔ ብለው! ውጭ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ በመስኮቱ መጋረጃ ክፍተት ታያለች። «እታለም፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ብዬ አንድ ዓይኔን ለጠፍኩ። የመጨረሻው መቺ የኛ ነው፤ ካገባ ዋንጫው የኛ። ልጨፍን? ከጨፈንኩ ገደ ቢስ መሆኔን አምኛለሁ ማለት ነው። ካየሁና ከሳተ ደግሞ ቡድኔን በዓይኔ ገደልኩት። ላቤ አፌ ውስጥ ገባ። አልጨፈንኩም። መታ። ገባች!

አሁን ደግሞ «አንተ ስትደርስ አልቆ ነበር» ትላላችሁ አሉ። ምኑ ነው ያለቀው? በረኛው በግራ ሲወድቅ፣ ኳሷ በቀኝ ስትገባ፣ በዚች ዓይኔ! ካላመናችሁ ሂዱና ቆሎ ሻጯን ጠይቋት። ጆሮዋ ላይ ነው የጮኽኩት፣ ቆሎዋንም የደፋሁት እኔ ነኝ። ሂዱ፣ ጠይቋት!