ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው ውሃ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለቡ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚውሉበት አንድ ማእከል ለነርሶቹ ሥልጠና እንድሰጥ ጠየቀኝ። ሥነ ልቦና ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም ነበርና እሺ ያልኩት የደወለልኝ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ነው።

ሥልጠናው ስለ ልጆቹ አልነበረም። ልጆቹን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ነርሶቹ ተምረዋል። የእኔ ሥራ ቀኑን ሙሉ ጩኸትና ንክሻ ሲቀበል የሚውል ሰው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ማስረዳት ነበር። ድካም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰውነት ይዝላል፤ ቀጥሎ ንዴትና እንባ ቅርብ ይሆናሉ። የምታለቅስ ነርስ ብዙ አታሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ምንም ነገር አይሰማውም፤ ፊቱም ስለሚረጋጋ ሁሉም የተሻለው ይመስላቸዋል።

ግቢው ዙሪያውን በጅምር ሕንፃዎች ተከቧል። ከጀርባ ያለው ሥራው ቆሟል። ለምድር ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀርቷል፤ በእሱና በልጆቹ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ከታክሲ ወርጄ ስመጣ አይቼው ደስ አላለኝም። ውሃው ጥቁር ነበር፤ ጥልቀቱ አይታወቅም።

ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ። የነርሶቹ ኃላፊ ሜትረኗ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ እሳቸውም ክቡ ውስጥ ተቀመጡ። ደንቡን አስረዳሁ። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፤ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ግን አይቀርም። ከዚያ እያንዳንዳቸው የከበዳቸውን አንድ ቀን እንዲነግሩን ጠየቅሁ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ የጴንጤ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ክብ ተቀምጦ ስለ ችግር መናገርን የሚያውቁት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ምስክርነት ይባላል። ምስክርነት የራሱ አካሄድ አለው። በመከራ ይጀምራል፣ በድል ያልቃል፣ ሰሚው አሜን ይላል። አንዷ አንድ ልጅ ፀጉሯን ስለነቀላት ቀን ተናገረችና «ጌታ ግን ጸጋ ሰጠኝ» ብላ ዘጋችው። አሜን ተባለ። ቀጣይዋም በድል ጨረሰች።

«ማልቀስም ይፈቀዳል» አልኩ።

«ቲቸር፣ እኛ ካለቀስን እነሱን ማን ያባብላል?» አለች አንዷ። «አንቺ ትገቢልናለሽ?»

«ይህችማ እስከ ምሳ ሰዓትም አትቆይም» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ።

ቀጥሎ ተራው የደረሰው አንዲት ሕፃን ጭኗ ላይ ላስቀመጠች ነርስ ነበር። ሕፃኗ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይሆናታል። አትናገርም፤ ከዚህች ነርስ በቀር ከማንም እጅ አትበላም። ስለዚህም ሥልጠናው ላይ አብራት ገብታለች።

«ድሮ ይከብደኝ ነበር» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «ስትጮህ አብሬያት አለቅስ ነበር። አሁን ስትጮህ አይሰማኝም። ስትወድቅም አልደነግጥም።»

«አሜን» አሉ ሁሉም።

«መበርታት እንዲህ ነው» አሉ ሜትረኗ።

እኔ አሜን አላልኩም። ነርሷን አየኋት። ሕፃኗ ጣቷን ስትጠመዝዝባት እንኳ ፊቷ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። በሻይ ሰዓት ብቻዋን ላናግራት ወሰንኩ።

ሻይ መጥቶ ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው። መጫወቻ ክፍሉ ውስጥ የሉም። መጸዳጃ ቤቱም ክፍት ነው። በማብሰያው በኩል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከአጥሩ አንዱ ቆርቆሮ ከታች ተነቅሎ፣ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ታጥፏል።

ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ሕፃኗ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ጠጠር ትጥላለች። ከእግሯ ሥር ጭቃው እየተናደ ወደ ውሃው ይወርዳል። ነርሷ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆማለች።

መጮህ ፈልጌ ነበር። ግን እንዲህ ያለች ልጅ ድንገት ሲጮህባት ወይም የማታውቀው ሰው ሲይዛት ወደፊት ልትፈናጠር ትችላለች።

«ሲስተር» አልኩ በቀስታ፣ «እጇን ያዢያት።»

«ውሃ ካላየች አትበላም። ሁልጊዜ እንመጣለን።»

«እሺ። አሁን ግን ያዢያት።»

«ትናንት አንሸራተታት» አለችኝ። «እስከ ወገቧ ገባች። እዚሁ ቆሜ አየኋት። ልቤ እስኪመታ ጠበቅሁ፤ አልመታም። ራሷ ሣር ይዛ ወጣች።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩና እየተሳብኩ ወደ ሕፃኗ ተጠጋሁ። አላየችኝም። ሌላ ጠጠር ለማንሳት ስታጎነብስ ከሥሯ ትልቅ ጓል ተገንጥሎ ወደቀ፤ ውሃው ዋጠው። ያኔ ነርሷ በምላሷ አንዴ ጧ አደረገች። ለምሳ የምትጠራት እንደዚያ መሰለኝ። ሕፃኗ ተነስታ ሄደችና ቀሚሷን ጨብጣ ያዘች።

«ለሜትረኗ ልትነግሪ ነው?»

«የሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ብዬ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። እኔ ልንገራቸው። አንቺ አጠገቤ ቁሚ።»

ሜትረኗ ሰምተው መጀመሪያ ያሉት «በጸሎት እንይዘዋለን» ነበር። ከዚያ የሕፃኗን ጫማ አዩ፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ዘበኛውን ቆርቆሮውን በሚስማር መልሶ እንዲመታው ላኩት። ነርሷንም ሐኪም ሳያያት እንዳትመለስ ነገሯት።

«ሥራሽ አይነካም፣ የኔ ልጅ» አሏት። አመሰገነቻቸው፤ ፊቷ ያው ነበር። ሕፃኗን ከቀሚሷ ለማላቀቅ ጓደኞቿ ተረባረቡ። ጩኸቷ እስከ በሩ ተከተለን። ነርሷ አልዞረችም።

ብቻዋን እንድትሄድ አልፈለግሁም፤ ነፋስ ስልክ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አብሬያት ገባሁ። የምትኖረው ከእህቷ ጋር እንደሆነ ነገረችኝና ስልኳን ደውላ ሰጠችኝ። ለእህቷ ማን እንደሆንኩ አስረዳሁ፤ በጣም እንደደከማት፣ ሐኪም እንደሚያስፈልጋት፣ ለጊዜው ብቻዋን መተው እንደሌለባት ነገርኳት።

«እሷ?» አለች እህትየዋ። «እሷ እኮ የቤታችን ብርቱ ናት። እኔ ስታመም የምታስታምመኝ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«በሉ እንግዲህ ቶሎ ኑ። ሱቁን ልከፍት ልወጣ ነው። መንታ ልጆቼን አስተኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። በር ላይ ቁልፉን እሰጣታለሁ።»

ነርሷ ከጎኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ንግግሩ ይሰማት አይሰማት ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም። ወደ ታክሲው በር ዞር አልኩና ድምፄን ቀነስኩ።

«ዛሬ አትውጪ» አልኳት።

«ስንት ሰዓት ነው የምትደርሱት ታዲያ?»

«ከደረስንም በኋላ አትውጪ።»