ከወገቧ የተቀዳው ውሃ

የእስር ቤቱን ክፍል መጀመሪያ ሳየው ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነበር፤ ከፍ ብሎ የተበሳ፣ ከጋቢ ቋጠሮ የማይበልጥ። ዘጠኝ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ይቀመጣሉ። ነቀምት ውስጥ ነው፣ በንጉሡ ዘመን። ከምሠራበት የሚሲዮን ክሊኒክ የድሬሰር ጋውኔን እንደለበስኩ፣ ከላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ነው ያመጡኝ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። አኖ አካባቢ ጭሰኞች ከመሬታቸው ሲነቀሉ አንድ ሰው አቤቱታ ጽፎላቸዋል፤ ጽሕፈቱ እዚያው አኖ የሚያስተምረው የወንድሜ መሆኑን ፈርሜ እንድመሰክር። አስራ አንድ ቀን ሙሉ "የእሱ አይደለም" አልኩ። ይህን ዛሬ የሚያስታውስልኝ የለም።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ታመመች። ዕድሜዋ አስራ ስድስት ነው። አባቷ ሸሽቶ ጫካ ስለገባ፣ እጁን እስኪሰጥ በእሱ ፈንታ የያዟት ናት። ገላዋ ይፋጃል፣ ያስመልሳታል፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ታቃስታለች።

"ኢፋ፣ ኢፋ" ትላለች፤ ብርሃኑን ማለቷ ነው። "ዓይኔን ወጋኝ፣ ጋርዱልኝ።"

የክፍሉ አለቃ ከጎጃም የመጡ ትልቅ ሴት ነበሩ። "ዛሯ ነው፣ ተያት" አሉኝ።

"ዛር እንዲህ አያተኩስም፣ እትዬ።"

"አዬ ሐኪሟ! መጀመሪያ ራስሽን ከዚህ አውጪ።"

ልጅቷን አገጭሽን ወደ ደረትሽ አውርጂ አልኳት። አልቻለችም። በእጄ ራሷን ላነሣ ስሞክር አንገቷና ጀርባዋ እንደ ግንድ አብረው ተነሡ። ማጅራት ገትር። ክሊኒክ አይቼዋለሁ። ጠዋት በእግሩ የመጣ ሰው በማግስቱ ተገንዞ ሲወጣ አይቻለሁ፤ እንደዚሁ አንገቱ ደርቆ የመጣ ደግሞ በሳምንቱ ድኖ ሲሄድ አይቻለሁ። ሐኪማችን ሁለት ዓይነት ነው ይለን ነበር። በባክቴሪያ የሚመጣው ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። በቫይረስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ሲጀምሩ ግን በዓይን አይለዩም። የሚለዩት ከወገብ በመርፌ ውሃ ተቀድቶ ሲታይ ነው፤ መርፌው ያለው ደግሞ ሆስፒታል ነው።

ነጠላዬን መስኮቱ ላይ ወተፍኩት። ክፍሉ ጨለመ። ሴቶቹ አጉረመረሙ እንጂ ማንም አላነሣውም። ከዚያ በሩን ደበደብኩ።

አዛዡ ቢሮ ወሰዱኝ፤ ልጅቷ ሆስፒታል ትሂድ አልኩት። "መኪናው ነዳጅ የለውም" አለኝ።

"ጌታዬ፣ እስከ ነገ ላትቆይ ትችላለች።"

"ላትቆይ ትችላለች ነው ወይስ አትቆይም?"

"ከዚህ ሆኜ አላውቅም።"

"በይ የምታውቂውን ንገሪኝ።" መሳቢያውን ስቦ አቤቱታውን ፊቴ ዘረጋው። "ይህን ካወቅሽልኝ ነዳጁም ይገኛል።"

መስመሩ ወደ ላይ የሚያዘነብለው የወንድሜ ጽሕፈት ነበር። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ከሆስፒታል መለሷት። አብሯት የሄደው ዘብ ደስ ብሎት ነገረኝ፤ "ከወገቧ ውሃ ቀዱ፣ መረመሩት። ጥርት ያለ፣ የምንጭ ውሃ በይው። ቀላሉ ነው አሉ። ትረፍ፣ ፈሳሽ ትጠጣ፣ ጨለማ ይስማማታል። ሌላ መድኃኒትም አላስፈለጋት።"

አዛዡ ከኋላው ቆሞ ሳቀ። "ያለ ነዳጅም ትድን ኖሯል! በይ ተፈትተሻል፣ ውጪ።"

ፖሊሶቹ በዚያን ሰዓት አኖ ደርሰው ነበር።

ስወጣ እትዬ ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። "ነጠላሽን አትወስጂም? እንዲህ ሆነሽ ከተማውን ልታቋርጪ?"

"ብርሃኑ ያማታል" አልኳቸው።

በጋውን ብቻ፣ ራሴን ሳልሸፍን በገበያው መሃል አለፍኩ። ወሬው ቀድሞኝ ስለነበር ሰላም ያለኝ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ከአራት ዓመት በኋላ ከእስር እያሳለ ተመለሰ። "አካም ጂርታ" ይለኝ ነበር፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እንደሚለው። እስኪሞት ድረስ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልሰጠኝም። ልጅቷ ድና ተፈታች፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ከፈተች። ሱቋ ውስጥ "ወንድሟን የሸጠች" ብለው ሲያሙኝ ዝም ብላ ስኳር ትመዝናለች አሉኝ። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ መጣች። ነርስ ናት። "አዳዳ" አለችኝ፤ የአባት እኅት እንዲህ ነው የምትጠራው። "ያቺ ልጅ እኮ በራሷ ጊዜ ትድን ነበር።"

"አንቺ ብትሆኚ፣ ውሃው ሳይቀዳ ይህን ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አለች። "እኔም ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ።"

ከዚያ ሌላ ነገር አወራን። እንድትፈርድልኝ አልፈለግኩም፤ ለምን እንደፈረምኩ እንዲጠይቀኝ የጠበቅኩት አባቷን ነበር።