ቢራ የሚቀዳለት ያጣ ሰው

«ሐይቁ ሲረጋ እመጣለሁ ብለሽ፣ ሐይቁ ረጋ፣ ነፋሱም ተኛ…» ዴልማር ከዚያ ወዲያ ያለው የዘፈኑ ስንኝ ጠፍቶበታል። የጎደለውን በማንጎራጎር እየሞላ ጋራዡ ውስጥ ሦስት የወረቀት ኩባያ ደረደረ።

ዴልማር ክሩገር አሜሪካ፣ ሺቦይገን ከተማ ውስጥ ከጣሳ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ርካሽ ርካሾቹን ቢራዎች ሲፈትን ኖሯል። ሚስቱ ሎርና ጀርባዋን ሰጥታ ትቀዳለች፤ እሱ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀምስና ደብተሩ ላይ ነጥብ ይሰጣል። ወርቃማው ጣሳ ደርዘኑ አሥራ ሦስት ዶላር ነው፤ ሰማያዊው አሥር፣ ቀዩ ዘጠኝ። በጣዕም ካልበለጠ አራት ዶላር ለምን ይጨመራል? ሕጉ ይህ ነበር። ወርቃማው ግን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ዴልማርም ልቡ ሳይወቅሰው እሱን ይገዛል።

ሎርና በሚያዝያ አረፈች። ደብተሩ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው።

ዛሬ ብቻውን ሞከረ። ራሱ ቀዳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትሪውን አዟዟረ። ምን ዋጋ አለው? እጁ የትኛውን የት እንዳስቀመጠ ያውቃል። ሦስቱንም ደፋቸው።

አጥሩ ጋ ብዙ ቆመ። ሰው ለምኖ አያውቅም።

«አርሊስ» አለ ጎረቤቱን በመጨረሻ፤ «ቢራ ትቀጂልኛለሽ?»

«አንተ ሽማግሌ! አስተናጋጅ መሰልኩህ?» ቅጠል እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው መጥረጊያውን ጣለችው። «እሺ፣ ቅደም። መጣሁ።»

ቀዳችለት። እየደጋገመ ቀመሰ።

«መካከለኛው» አለ። «ምንም ጥርጥር የለውም።»

አርሊስ ቀዩን ጣሳ አነሳችለት።

«አይሆንም! ከሎርና ጋር ቀዩ አንድ ቀን እንኳ አሸንፎ አያውቅም። ይኸው ‹ለብ ይላል፣ ሰነፍ ቢራ› ብዬ ጽፌበታለሁ።»

«ለብ ይላላ!» ሳቋ አመለጣት። «እሱንና ሰማያዊውን ከፍሪጅ ቀድማ ታወጣቸው ነበር እኮ። ‹ለራሱ አራት ዶላር የሚነፍግ ሰው ነው፤ ወርቃማውን ይወዳል፣ እኔ ልፍቀድለት እንጂ› ትለኝ ነበር። አልነገረችህም እንዴ?»

ዴልማር ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ቅዳሜ፣ ሁሉም የእሷ እጅ ያለበት።

«ና ከእኛ ጋር ብላ» አለች አርሊስ ቀስ ብላ። «ልጆቹ ይመጣሉ።»

«ሌላ ቀን።»

አጥሩን ዞራ ስትሄድ እያየ ቆየ። ከዚያ እርሳሱን አንስቶ «ቀዩ አሸነፈ» ብሎ ጻፈ፤ እውነቱ ያው ነውና። ምላሴ ይንጻ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ሲጠበስ የቆየውን ቋሊማ ከምድጃው አወጣ፣ ሰናፍጭ ቀባበት፣ ፍሪጁን ከፍቶ ለአፍታ አመነታ። ማንም ሳይፈቅድለት ወርቃማውን አወጣና፣ ወንበሩን ስቦ ሊበላ ተቀመጠ።