የአደራ ጥብስ

ወርቄ መካነ ሰላም ላይ ጥብስ ቤት ነበራት። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ የከሰል ምድጃ ነው ያለው ቤቱ፤ ጥብሱ ግን እስከ ወረኢሉ ድረስ ስም ነበረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚሁ ነው የኖረችው። እጇ ሰፊ ነው፤ ቤቷ የገባን ሰው፣ ጠግቤያለሁ ብሎ ቢምል እንኳ፣ ሳታጎርስ አትሸኝም። አገሩም ያሳደጋት እንዲህ ነው፤ እንግዳ ፊት ማጣትን ማሳየት ከማጣቱ ይብሳል። ይህ ጠባይ ለደህና ዘመን መልካም ነው። ለክፉ ዘመን ግን መርዝ ነው።

ክፉው ዘመን በስልሳ አምስት መጣ። ያለፈው ክረምት ዝናቡን ነስቶ ስለ ነበር ገበሬው ከብቱን ሳይሞትበት እየነዳ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ ሥጋም እንደ ጎመን ረከሰ። ሰው የማይናገረው ጉድ ይኸ ነው፤ ረሃብ ሲገባ መጀመሪያ የሚደምቀው ጥብስ ቤት ነው። የከተማው ሰው ጎድን ሲግጥ የባላገሩ ጎድን አግጦ ይቆጠር ነበር። ወርቄም ጠበሰች፤ ሸጠች፤ አመሰገነች።

በጥር ታናሽ ወንድሟ በላይ፣ ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ በሬውን እየነዳ መጣ። ከጥማዱ አንዱ ሞቶበት የቀረው ዳለቻው ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ጀብሪልም እንዲሁ አንድ በሬ ቀርቶት ስለ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ሁለቱን አቀናጅተው የሁለቱንም መሬት ሊያርሱ ተማምለዋል።

"እታለም፣ ታች ሣር የሚባል ነገር የለም። ዳለቻውን ክረምት እስኪገባ አቆዪልኝ። እንዳትሸጪው፣ እንዳታርጂው። ልጆቼን ነው የሰጠሁሽ።"

"አብጄ ነው የማርደው? አርፈህ ሂድ፤ አደራህን እኔ አውቃለሁ!"

ስትል ከልቧ ነበር። ጭድ ገዛችለት፤ የጠላ አተላዋን አጠጣችው። የሌላው ሰው ከብት ቆዳና አጥንት ሆኖ ሲወላገድ የበላይ በሬ ሻኛው ቆመ፤ ጀርባው ሞላ። በጓሮዋ ያለፈ ሁሉ ዓይኑን ይጥልበት ጀመር።

በየካቲት፣ ቅበላው ሳይደርስ፣ ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ረሃብ አለ ወይስ የለም የሚለውን አይተው ሊጽፉ ነው ተባለ። የከተማው ሹም ወርቄን አስጠራት።

"እንግዶቹ ምሳቸውን የሚበሉት አንቺ ቤት ነው። እንዳታዋርጅን።"

"ጌታዬ፣ ገበያ ላይ ያለው ከብት ምን ሥጋ አለው?"

"ጓሮሽ ያለውስ?"

"እሱ የወንድሜ አደራ ነው!"

"እነዚህ ሰዎች ደስ ብሏቸው ከሄዱ እህል ይመጣል። ወንድምሽም የሚድነው በዚሁ ነው። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።"

እውነቱን ለመናገር ሹሙ አላስገደዳትም። ያስገደደቻት ራሷ ናት። እንግዶቹ የከሳ ሥጋ አኝከው አኝከው ሲተፉ ታያት፤ ስሟ በየአገሩ ሲነሳ ታያት። ደግሞም የጠገበ እንግዳ ደግ ደጉን ይጽፋል ብላ አመነች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው። ዳለቻው በማግስቱ ማለዳ ታረደ።

ጎድኑ በፍም ላይ እየተንጫጫ ቀረበ፤ ሽንጡ በቃሪያ ተጠብሶ ተከተለ። በሯ ላይ ተኮልኩለው ይውሉ የነበሩትን ረሃብተኞች የሹሙ ዘበኞች በጧት ወደ ወንዙ ነድተዋቸው ነበር። ወርቄ አይታለች፤ አይታም ፍሟን ማራገብ ቀጥላለች። እንግዶቹ በሉ፣ አጥንት ጠየቁ፣ ደገሙ። ከመካከላቸው አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ጨዋ ሰው፣ እጁን ሊታጠብ ብድግ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"እናቴ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ችግር አለ?"

የበላይ ልጆች ዓይኗ ላይ ድቅን አሉ። አፏን ከፈተች። ነገር ግን ሰውዬው እንግዳ ነው፤ የቆመው ቤቷ ውስጥ ነው፤ ሳህኑም ላይ ሥጋ ተርፏል።

"ቤቴ ገብተው ደግሞ ምን ችግር አለ! ይልቅ ምንም አልበሉልኝም፤ በሞቴ ይጉረሱ!" አለች።

ሰውዬው ጎረሰ። ሳቀም፤ ወደ ጓደኞቹም ዞሮ፣ "እንዲህ ያለ ሥጋ የሚበላበት አገር ነው ተራበ የሚሉን!" አለ። ላንድሮቨሩ ከሰዓት በኋላ ሄደ። እህል አልመጣም።

በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ሲያደርግ በላይ ቀንበሩን በትከሻው ይዞ መጣ። ልብሱ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። ወርቄ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ጥብስ አቀረበችለት፤ እጁን አልዘረጋም።

"መጀመሪያ በሬዬን ልየው። ጀብሪል የሱን ይዞ ማሳው ዳር እየጠበቀኝ ነው።"

"በላይዬ… ለእንግዳ አረድኩት። የረሃቡን ነገር ሊጽፉ ለመጡት። እህል ይልካሉ ብዬ…"

አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢመታት በተሻላት። "ችግራችንን ነገርሻቸው?" አላት።

"አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ ምን አልሻቸው?"

"ይጉረሱ አልኳቸው።"

በላይ ቀንበሩን ከምድጃው አጠገብ አጋደመው። "ለማገዶ ይሁንሽ፣ እታለም" አለና ወጣ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የደሴን መንገድ ሲሄድ አቀስታ ላይ ያየው ሰው ነበር። ከአቀስታ ወዲያ ያየው የለም።